ለድብ አደን የትኛው ጥይት? ካሊበር፣ አረርና የሚተኮስበት ቦታ

በሚኒሶታ የድብ አደን የሚከፈተው ከእንቁጣጣሽ አሥር ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ እኛ ፍልሰታን በምንጾምበት ሰሞን የአደን ዕቃ መደብሮች በሰው ይጨናነቃሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ ሰሞን አንድ ወዳጄ ከመደብር ደወለልኝ። «ጋሼ፣ መደርደሪያው ፊት ቆሜ ግራ ገብቶኛል። አንዱ ሳጥን ላይ ጥርሱን ያገጠጠ ድብ ተስሏል፤ ሌላው ላይ ማግነም ይላል፤ ሦስተኛው የሁለቱን እጥፍ ያወጣል። የቱን ልያዝ?» መልስ ከመስጠቴ በፊት ሻጩ ከወዲያ «ትልቁን ውሰድ፤ ድብ እኮ ነው» ሲል ሰማሁት። ወዳጄ ትልቁን ወሰደ። ያ ጥይት ምን እንዳደረገ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ይህ ጽሑፍ ያን ቀን በስልክ ሳልመልስለት የቀረሁትን ይዟል። የማንንም ፋብሪካ ዕቃ አላወድስም። በጥይት ስሞች ውስጥ የፋብሪካ ስም ቢገባ፣ መጠሪያቸው ሆኖ ስለቀረ ብቻ ነው።

## ከመግዛት በፊት የሚመለሱ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ የትኛው ድብ ነው የሚለው ነው። በሚኒሶታ፣ በኮሎራዶ፣ በሜይንና በቨርጂኒያ የሚታደነው ጥቁር ድብ ነው። ያደገ ወንዱ ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 220 ኪሎ ይመዝናል። «ጥቁር» ስሙ ነው እንጂ በኮሎራዶ ተራሮች ብዙዎቹ ቡናማ ናቸው። ቡናማ ድብ የሚባለው ግን ሌላ ዘር ነው። በአላስካ ኮዲያክ ደሴት ትልልቆቹ ወንዶች እስከ 680 ኪሎ ይደርሳሉ። ለአንደኛው የሚበቃው ለሌላው ላይበቃ ይችላል፤ ለሁለተኛው የተሠራው ደግሞ ለመጀመሪያው ከንቱ ሸክም ነው።

ሁለተኛው ርቀት ነው። ሰሜን ሚኒሶታ ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ድብ የሚታደነውም ማባበያ ምግብ ተቀምጦ፣ ዛፍ ላይ ከተሠራ ማማ ነው። ማማ ስል የአገራችን ገበሬ ማሽላውን ከዝንጀሮና ከወፍ የሚጠብቅበትን ዓይነት አስቡ፤ ልዩነቱ እዚያ የሚጠበቀው አውሬው እንዳይበላ፣ እዚህ ግን እንዲበላ መሆኑ ነው። ተኩሱ ከ15 እስከ 40 ሜትር ባለው ውስጥ ያልቃል። በኮሎራዶ ግን ሕዝቡ በ1992 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በሰጠው ድምፅ ማባበያም ውሻም ተከልክሏል። አዳኙ ከገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ በመነጽር ሸንተረሩን ይቃኛል፤ ተኩሱም ከ100 እስከ 250 ሜትር ይሆናል። በ30 ሜትር የሚተኩስ ሰው ለ300 ሜትር በተሠራ ጥይት ላይ ገንዘብ ሲያፈስ ማየት ያሳዝነኛል።

ሦስተኛው የሕግ ወለል ነው። ሚኒሶታ የምትጠይቀው ዝቅተኛው 22 ካሊበር (ካሊበር የአረሩ ውፍረት ነው፤ እዚህ በኢንች መቶኛ ይቆጠራል) ሆኖ መሐል እርግጭ፣ ማለትም ቀስቃሹ ግርጌው መሐል ላይ ያለ ጥይትና ሲመታ የሚያብብ፣ ማለትም ጫፉ የሚሰፋ አረር እንዲሆን ነው። ኮሎራዶ ቢያንስ 24 ካሊበር፣ 70 ግሬን (4.5 ግራም ገደማ) የሚመዝን አረርና በ100 ያርድ ላይ 1,000 ፉት ፓውንድ (1,356 ጁል ገደማ) ጉልበት ትፈልጋለች። ስዊድን ያሉ ወገኖቻችን የሚጠየቁት ከሁሉም ይበልጣል። አረሩ 9 ግራም ከሆነ በ100 ሜትር ላይ ቢያንስ 2,700 ጁል፣ 10 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 2,000 ጁል መያዝ አለበት። እነዚህ ቁጥሮች ወለል ናቸው፤ ወለል ላይ መተኛት ይፈቀዳል ማለት አልጋ አያስፈልግም ማለት አይደለም። በሚኒሶታ በ22 ካሊበር ድብ መተኮስ ሕጋዊ ነው፤ እኔ ግን አላደርገውም፤ ሌላ ሰው ሲያደርገውም ማየት አልፈልግም።

አራተኛው ትከሻዎ ነው። ብዙዎች የሚዘሉት ይህንን ነው። የአላስካ የዓሣና የአደን መሥሪያ ቤት ለአዳኞች በሚሰጠው ምክር፣ አብዛኞቹ ልምድ ያላቸው አስጎብኚዎች አዲስ ማግነም (ባሩዱ የበዛ ኃይለኛ ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ) ተሸክሞ ከሚመጣ ሰው ይልቅ በደንብ የሚተኩስበትን መጠነኛ ጠመንጃ፣ 270 ወይም 30-06፣ ይዞ የሚመጣውን እንደሚመርጡ ይናገራል። ያ ምክር የተጻፈው ቡናማ ድብ በሚኖርበት አገር መሆኑን ልብ ይሏል። እኛ ጥቁር ድብ ለማደን ምን ያህል ጉልበት እንደሚያስፈልገን ከዚያ መገመት ይቻላል።

## አረሩ ከካሊበሩ ይቀድማል

በአማርኛ «ጥይት» የምንለው አንድ ነገር ይምሰል እንጂ አራት ክፍል አለው፦ ቀለሃው፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ቀስቃሽ፣ ባሩዱና ከአፈሙዝ የሚወጣው አረር። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የካሊበሩ ስም ነው። ድቡን የሚነካው ግን አረሩ ብቻ ነው፤ የአረሩም ዓይነት ሳጥኑ ጎን ላይ በደቃቃ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ያንን ደቃቃ ጽሑፍ ያንብቡ። ክብደቱ በግሬን ይገለጻል፤ 180 ግሬን 11.7 ግራም ገደማ ነው።

የሚፈለገው ሁለት ነገር በአንድነት ነው። አረሩ ሲመታ እንደ እንጉዳይ ማበብ አለበት፤ አብቦም ሳይፈረካከስ ወደ ውስጥ ዘልቆ መግባት አለበት። ሁለቱ እርስ በርስ ይጣላሉ። ቶሎ የሚያብብ አረር ትከሻ አጥንት ላይ ተበትኖ ይቀራል፤ ጨርሶ የማያብብ ደግሞ በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ ይወጣል፤ እንስሳውም ቆስሎ ይሄዳል። ድብ ለዚህ ፈተና አስቸጋሪ ነው። ጠጉሩ ረጅም ነው፣ ከቆዳው ሥር ለክረምት ያጠራቀመው ወፍራም ሞራ አለ፣ ከሞራው ሥር ጠንካራ ጡንቻና የትከሻ አጥንት አለ።

መደርደሪያው ላይ የሚያገኟቸው አረሮች በጥቅሉ አምስት ዓይነት ናቸው።

ሙሉ ሽፍኑ የወታደር ጥይት ነው። እርሳሱ እስከ ጫፉ በብረት ተሸፍኗል፤ አያብብም። በ1899 የሄግ ስምምነት በጦርነት ላይ የሚያብብ አረር ተከልክሏል፤ በአደን ላይ ግን ሕጉ የተገላቢጦሽ ነው፤ የማያብበው ነው የሚከለከለው። ተቃርኖ ይመስላል፤ ግን የአደን ዓላማ እንስሳው በፍጥነት እንዲሞት እንጂ እንዲቆስል አይደለም። አገር ቤት ጠመንጃ የያዘ ሰው በዚህኛው ስለለመደ ሳያውቅ እንዳይገዛው እጠነቀቃለሁ። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ለልምምድ ብቻ ይሁንልዎ።

ጫፈ ለስላሳው ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ ነው። ጫፉ ላይ እርሳሱ ገላጣ ነው፤ ሽፋኑ መዳብ ነው። ፍጥነቱ መጠነኛ በሆነ ጥይት፣ ለምሳሌ በ30-30 ውስጥ፣ ሥራውን በሚገባ ይሠራል። በማግነም ፍጥነት በ20 ሜትር ላይ አጥንት ሲያገኝ ግን ሽፋኑና እርሳሱ ሊለያዩ ይችላሉ።

የተበየደው፣ ማለትም እርሳሱ ከመዳብ ሽፋኑ ጋር እንዳይላቀቅ ተጣብቆ የተሠራው፣ ለእኔ ለጥቁር ድብ ከሁሉም የሚሻለው ነው። የመጀመሪያ ድቤን የመታሁበት የ180 ግሬን አረር ከወዲያኛው ጎን ቆዳው ሥር ተገኘ። ቆዳውን ስገፍ ጣቴ ላይ እንደ ጠጠር ጎረበጠኝ። ቤት ወስጄ አጥቤ በቡና ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ ከ11.7 ግራሙ 10 ተኩል ቀርቶ ነበር። ዛሬም ከቡና ስኒዎቹ አጠገብ ተቀምጧል፤ ባለቤቴ ይህን ነገር አንሣልኝ ብትልም።

ባለግድግዳው አረር ታሪክ አለው። ጆን ኖስለር የተባለ አሜሪካዊ በ1946 ካናዳ ውስጥ ጭቃ የተለሰነ ትልቅ የአጋዘን ዘር ሲተኩስ አረሮቹ ቆዳው ላይ እየተበተኑ አስቸገሩት። ከዚያ ተነሥቶ በመካከሉ የመዳብ ግድግዳ ያለው አረር ሠራ። የፊተኛው ክፍል ያብባል፤ የኋለኛው ሳይነካ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ለቡናማ ድብ አሁንም ከሚታመኑት አንዱ ነው።

ሙሉ መዳቡ እርሳስ የለበትም። ክብደቱን ሳያጣ በጥልቀት ይገባል፤ ከተራው ግን አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ያስወጣል፤ ቀስ ብሎ ሲሄድም በቂ ላያብብ ስለሚችል ለረጅም ርቀት ይጠንቀቁ። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በመላው ግዛቷ በእርሳስ አረር ማደን ከልክላለች። ሥጋው ለልጆች የሚቀርብ ከሆነ መዳቡን ይምረጡ፤ የእርሳስ ፍርካሽ በዓይን የማይታይ ሆኖ ሥጋ ውስጥ ይቀራልና።

ካሊበር ላይ የሚከራከሩ ሰዎች ከዚህ ክፍል አንድ ነገር ብቻ ቢወስዱ፣ በመካከለኛ ካሊበር ውስጥ ያለ ጥሩ አረር በትልቅ ካሊበር ውስጥ ካለ መጥፎ አረር ይበልጣል።

## ጥይቶቹ በየተራ

30-30 ዊንቸስተር። በ1895 የወጣ ነው። በሰሜን አሜሪካ ጫካ ስፍር ቁጥር የሌለው ጥቁር ድብ ወድቆበታል። ርግጫው ቀላል ነው፣ ጠመንጃው አጭርና ለማማ የሚመች ነው። በ100 ሜትር ላይ ግን የ11 ግራሙ አረር ከ2,000 ጁል በታች ይቀረዋል፤ ስለዚህ አሜሪካ የተመሰከረለት ይህ ጥይት ስዊድን ለድብ አይፈቀድም። ጥይቶቹ ቱቦ ውስጥ አንዱ ከሌላው ኋላ ስለሚሰለፉ፣ ሹል ጫፍ ያለው አረር የፊተኛውን ቀስቃሽ ሊያፈነዳ ይችላል፤ ጠፍጣፋ ጫፍ ያለውን ወይም ለዚሁ ተብሎ ለስላሳ ጫፍ የተደረገለትን ብቻ ያጉርሱ።

308 ዊንቸስተርና 30-06። የመጀመሪያው የ1952፣ ሁለተኛው የ1906 ነው። ለድብ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቡና ወሬ ማሞቂያ ነው እንጂ ጫካ ውስጥ አይታይም። 30-06 ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ኤም ዋን ጋራንድ የተባለው የአሜሪካ ጦር ጠመንጃ የሚጎርሰው እርሱን ነው፤ የቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮሪያ የዘመተበት ጠመንጃ ማለት ነው። ከ308 የሚበልጥበት አንዱ ነገር እስከ 220 ግሬን የሚደርስ ከባድ አረር በደንብ መሸከሙ ነው። በ100 ያርድ ላይ ዒላማውን እንዲመታ የተስተካከለ የ180 ግሬን 30-06 በ200 ያርድ ላይ የሚወርደው 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጥይቱ በየትኛውም ገጠር መደብር ይገኛል፤ የልምምዱም ዋጋ ይቻላል።

45-70። ይህ በ1873 የወጣ፣ በጥቁር ባሩድ ዘመን የተወለደ ሽማግሌ ነው። የአገራችን ውጅግራ የ1874 ጠመንጃ ነው፤ ሁለቱም 25 ግራም አካባቢ የሚመዝን ወፍራም አረር በዝግታ ይወረውራሉ። ቅርብ ርቀት ላይ በጥልቀት ይገባል፣ ትልቅ ቀዳዳ ይከፍታል። በ200 ያርድ ግን የድሮው ዓይነት ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወርዳል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ለዘመናዊ ጠመንጃ የተሠራውን ኃይለኛ 45-70 በአሮጌ ጠመንጃ ውስጥ አይክተቱ፤ ጠመንጃው ሊፈነዳ ይችላል።

300 ዊንቸስተር ማግነም። ወዳጄ የገዛው ይህንን ነው። በራሱ ክፉ ጥይት አይደለም፤ በኮሎራዶ ሸንተረር ላይ በ250 ሜትር የሚተኩስ የለመደ ሰው ሊመርጠው ይችላል። ወዳጄ ግን ከአደኑ በፊት የተኮሰው ስድስት ጥይት ብቻ ነበር፤ ትከሻው ስላበጠ አቆመ። በወቅቱ ሦስተኛ ቀን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ በ25 ሜትር ላይ ጎኑን የሰጠ ድብ ተኩሶ አንጀቱን መታው። ደውሎልኝ ደረስኩ። በባትሪ መብራት ረግረግ ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት ፈለግን። ደም የለም፤ ሞራው ቀዳዳውን ደፍኖታል፤ ጥቂት የወጣውንም ጠጉሩ መጥጦታል። ያገኘነው በማግሥቱ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሥጋው በሙቀቱ ተበላሽቶ ነበር። ያን እንስሳ ሌሊቱን ሙሉ ምን እንዳሳለፈ ማናችንም አላወራንም።

ከሳምንት በኋላ ወደ ተኩስ መለማመጃ ወሰድኩትና ሳያየኝ በተኮሰበት ባዶ ቀለሃ ጠመንጃውን አጎረስኩለት። ቃታውን ሲስብ ጠመንጃው ጠቅ አለ፤ አፈሙዙ ግን እንደተተኮሰ ያህል አንድ ጣት ወደ ታች ጠለቀ፤ ዓይኑም ተጨፍኖ ነበር። ርግጫውን እየጠበቀ ጥይቱን ራሱ ወዳልፈለገው ቦታ ይወረውረዋል። ይህን ፈተና ማንኛውም ሰው በየትኛውም ካሊበር ራሱ ላይ ያድርገው።

338 ዊንቸስተር ማግነምና 375 ኤች ኤንድ ኤች። የ1958ና የ1912 ሥራዎች ናቸው። ለአላስካ ቡናማ ድብ ተስማሚ ናቸው። የ375 ርግጫ ከ30-06 እጥፍ ይጠጋል። ለሚኒሶታ ጥቁር ድብ መግዛት ዳቦ ለመቁረጥ ገጀራ እንደመያዝ ነው።

የረሽ ጠመንጃ፣ 12 ጌጅ (የአፈሙዙ ስፋት መለኪያ ነው)፣ ባለ አንድ አረር። ቤት ውስጥ ረሽ ያለው ሰው አዲስ ጠመንጃ ሳይገዛ ማደን ይችላል። 28 ግራሙ እርሳስ ቅርብ ርቀት ላይ ይበቃል፤ ጉልበቱ ግን በፍጥነት ይሟጠጣል፤ ልሙጥ አፈሙዝ ካለውም ከ50 ወይም ከ60 ሜትር በላይ አልመክርም። ብዙ ደቃቅ ፍሬ ያለበትን ጥይት ለድብ መተኮስ ግን ጭካኔ ነው፤ በሚኒሶታም ክልክል ነው።

ስለ ክላሽ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ጥይቱ የሚወረውረው 8 ግራም ገደማ የሆነ አረር ነው፤ ከአፈሙዝ ሲወጣም 2,000 ጁል አካባቢ ነው፤ ከ30-30 ያንሳል። የሚያብብ አረር ተደርጎለት በ40 ሜትር ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ግን ሌላ አማራጭ እያለ ለምን?

| ጥይት | የአረር ክብደት (ግራም) | ከአፈሙዝ ሲወጣ ጉልበት (ጁል ገደማ) | ርግጫ | የምመክረው ርቀት | ለየትኛው ድብ |
|---|---|---|---|---|---|
| 30-30 | 11 | 2,450 | ቀላል | እስከ 100 ሜትር | ጥቁር |
| 308 | 11.7 | 3,700 | መካከለኛ | እስከ 250 ሜትር | ጥቁር |
| 30-06 | 11.7–14.3 | 3,900 | መካከለኛ | እስከ 250 ሜትር | ጥቁር፤ በከባዱ አረር ቡናማም |
| 45-70 | 19–26 | ከ2,150 እስከ 4,100 | ከመካከለኛ እስከ ከባድ | እስከ 120 ሜትር | ጥቁር፤ በኃይለኛው ቡናማም |
| 300 ማግነም | 11.7–13 | 4,700 | ከባድ | እስከ 300 ሜትር፣ ለለመደ | ሁለቱም |
| 338 ማግነም | 14.6–16.2 | 5,300 | በጣም ከባድ | እስከ 250 ሜትር | ቡናማ |
| 375 ኤች ኤንድ ኤች | 19.4 | 5,700 | በጣም ከባድ | እስከ 200 ሜትር | ቡናማ |
| 12 ጌጅ ባለ አንድ አረር | 28 | 3,300 | ከባድ | እስከ 50–60 ሜትር | ጥቁር |

የርቀቱ ዓምድ የጥይቱን አቅም እንጂ የእርስዎን አይናገርም። የራስዎን ለማወቅ በማኅበር ቀን የምንበላበትን ዓይነት የወረቀት ሳህን ይስቀሉ፤ ስፋቱ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የድብ ሳንባና ልብ ከተቀመጡበት ቦታ ጋር ይቀራረባል። በአደን ላይ በሚቀመጡበት አኳኋን ሆነው አምስት ጥይት ይተኩሱ። አምስቱም ሳህኑ ላይ ያረፉበት የመጨረሻው ርቀት የእርስዎ ወሰን ነው። አራቱ ከሆኑ ወደፊት ይቅረቡ።

## የት፣ መቼ፣ እንዴት ይተኮሳል

አጋዘን የለመደ ሰው ድብ ላይ የሚሳሳተው ቁመናውን ሲያይ ነው። የደረቱ የታችኛው ጠርዝ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ጠጉር ብቻ ነው፤ ዝቅ አድርጎ ልብ ላይ ያነጣጠረ ሰው ጠጉር ላጭቶ ይመለሳል። ድቡ ጎኑን ሲሰጥ፣ ወደ እርስዎ ያለው የፊት እግሩ ወደ ፊት እስኪራመድ ይጠብቁ። ያኔ የትከሻ አጥንቱ ከሳንባው ላይ ይነሣል። ከእግሩ ኋላ ጠርዝ ቀጥ ብለው በዓይንዎ ይውጡ፤ ከሰውነቱ ቁመት እኩሌታ ጥቂት ዝቅ ሲል ያቁሙ። ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ ቢሄድም ሳንባ ነው፤ ትንሽ ወደ ፊት ቢሄድ ትከሻ ነው፤ ስህተትን የሚሸከም ቦታ ነው።

ከጎን ሆኖ ፊቱን ወደ ወዲያ ያዞረ ድብ የተሻለ ቦታ ይሰጣል። የጠመንጃውን መነጽር የወዲያኛው የፊት እግር ላይ አድርገው፣ አረሩ ወደዚያ እንዲያመራ መግቢያውን ያሰሉ። ፊት ለፊት የቆመ፣ ጀርባውን የሰጠ ወይም ተቀምጦ የሚበላ ድብ አይተኮስም፤ ይጠበቃል። ማባበያ ላይ ያለ ድብ ብዙ ጊዜ አይቸኩልም፤ የሚቸኩለው የእኛ ልብ ነው። ጭንቅላቱን መምታት ደግሞ ፊልም ነው፤ አንጎሉ ትንሽ ነው፣ ግንባሩ ዘንበል ያለ ነው፣ ጭንቅላቱም አይረጋም።

ከዚያ በፊት ግን ልጆች አሉት ወይ? ግልገሎች ከእናታቸው ደቂቃዎች ዘግይተው ከጫካ ሊወጡ ይችላሉ፤ አንዳንዴም ዛፍ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። ብቻውን የመጣ የሚመስለውን ድብ ቢያንስ አሥር ደቂቃ አየዋለሁ። በኮሎራዶ ግልገልንም ግልገል ያላትን እናትም መግደል ወንጀል ነው። ሕጉ ባይኖርም ግን ያችን እናት መትቶ የሚፎክር ሰው እኔ ፊት አይፎክር።

ድቡ ከወደቀ በኋላ ጠመንጃዎን አያውርዱ። ወድቆ የሚነሣ ድብ ብዙ ነው፤ ከተንቀሳቀሰና ቦታ ከሰጠ ሁለተኛውን ይተኩሱ፤ የጥይት ዋጋ እዚህ ላይ አይታሰብም። ከሮጠ የመጨረሻ ያዩበትን ዛፍ በዓይንዎ ይያዙና ጆሮዎን ያቅኑ። ሳንባው የተመታ ድብ ሲሞት አንዳንድ ጊዜ ረጅም ማቃሰት ያሰማል፤ አንዴ የሰማ ሰው አይረሳውም። ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። አንጀት የመቱ ከመሰለዎት ለሰዓታት ይቆዩ፤ ቶሎ ከተከተሉት እየተነሣ ይርቃል። የወደቀውን ሲቀርቡ ከኋላ ይምጡ፤ ረጅም ዱላ ይዘው ዓይኑን ይንኩ። ዓይኑ ካልተርገበገበ አልቋል።

## ለማን የቱ?

ከፊትዎ የመጀመሪያ ወቅትዎ ከሆነ፣ ማማ ላይ ተቀምጠው የሚያድኑ ከሆነና ገንዘብ ከጠበበ፣ ያገለገለ 30-30 ወይም 308 ይግዙ። ከጠመንጃው የተረፈዎትን ገንዘብ ለሁለት ነገር ያውሉት፦ ለልምምድ ብዙ ተራ ጥይት፣ ለአደኑ ደግሞ አንድ ሳጥን የተበየደ። የሚለማመዱበትና የሚያድኑበት አረር ግን አንድ ቦታ ላይ ላያርፉ ይችላሉ፤ ከወቅቱ በፊት በአደኑ ጥይት ቢያንስ አምስት ጊዜ ተኩሰው መነጽሩን ያስተካክሉ።

ኮሎራዶ ተራራ ላይ የሚያድኑ፣ ወይም አንድ ጠመንጃ ብቻ ገዝተው ለአጋዘንም ለድብም ማዋል የሚፈልጉ፣ 30-06 ወይም 308 በ180 ግሬን ይበቃቸዋል። ርግጫ የማይችል፣ ሰውነቱ ቀጭን የሆነ ወይም ትከሻው ላይ ሕመም ያለበት ሰው፣ በ308 ውስጥ 150 ግሬን ሙሉ መዳብ ቢተኩስ አያፍርም። ለአላስካ ቡናማ ድብ የሚሄድ ሰው ወጪው ከጥይት ጋር አይወዳደርም፤ የግዛቲቱ ነዋሪ ያልሆነ ሰው ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ወይም የቅርብ ዘመድ የሆነ ነዋሪ ሳይዝ ቡናማ ድብ ማደን አይችልም። አስጎብኚውን ይጠይቁት፤ 338 ወይም 375 ሊልዎት ይችላል፤ ምናልባትም ያለዎትን 30-06 በከባድ ባለግድግዳ አረር ይዘው ይምጡ ይልዎታል።

ከገንዘቡ በፊት ሁለት ነገር ይጨርሱ። አንደኛው ወረቀት ነው። አሜሪካ ውስጥ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጠመንጃ መያዝ ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ላይ ያለ ሰው ግን በመሠረቱ የተከለከለ ነው፤ የአደን ፈቃድ ከልዩ ሁኔታዎቹ አንዱ ቢሆንም፣ ጠበቃ ሳያማክሩ ጥይት እንኳ አይግዙ።

ሁለተኛው ሥጋው ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 በመዳፉ የሚሄድ እንስሳ ርኩስ ተብሏል፤ ሙስሊም ወንድሞቻችንም ባለ ክራንቻ አውሬ አይበሉም። ስለዚህ አብዛኞቻችን የድብ ሥጋ ወደ ቤት አናስገባም፤ ሕጉ ደግሞ ጥሎ መሄድን አይፈቅድም። ሥጋውን ማን እንደሚበላው ሳይታወቅ ፈቃድ አይወሰድም። የእኔን ጎረቤቶቼ፣ ባልና ሚስት ሆነው፣ ቀድመው ተስማምተው ነው የሚወስዱት። ውስጡ እስከ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ እንደሚያበስሉት አውቃለሁ፤ የድብ ሥጋ ውስጥ ያለ ጥገኛ ትል በማቀዝቀዣ ብቻ ሁልጊዜ አይሞትምና።

በሚኒሶታ ድቡን በ48 ሰዓት ውስጥ ማስመዝገብና አንድ ጥርሱን ለተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱ መላክ ግዴታ ነው። ጥርሱ ሲቆረጥ እንደ ዛፍ ቀለበት አለው፤ ዕድሜው ይቆጠራል። የመጀመሪያውን ድቤን ጥርስ በፖስታ ላክሁና ረሳሁት። ወራት ቆይቶ ዕድሜውን አየሁት። አራት ዓመቱ ነበር።